ኮሶ በእፍኝ፣ ኪኒን በሚሊግራም

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህኛው የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም፦ «ኮሶው ይሻላል ወይስ ኪኒኑ?» ጥያቄውን የሚያቀርቡልኝ ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከደላንታና ከወረኢሉ የሚመጡ ገበያተኞች ብቻ ሳይሆኑ፣ ከተማ ተወልደው ያደጉ፣ ኮሶን በስም እንጂ በጣዕም የማያውቁ ወጣቶችም ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ከእኔ የሚጠብቁት መልስ የተለያየ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የአባቶቻቸውን መድኃኒት እንደሚያናንቅ አስቀድመው ገምተው፣ ለክርክር ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን፣ ከስልካቸው ያነበቡትን ነገር እንዳጸድቅላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው፤ ኮሶ ትሉን ያስወጣል፣ በዚህ ጥርጥር የለም፤ ነገር ግን ኮሶ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል መድኃኒት እንደጠጣ ማወቅ አይችልም። ገበያተኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ይህን ሁሉ ማብራራት ስለማይቻል፣ ምክንያቱን እዚህ በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

ኮሶ በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ የሚባል፣ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይስማማዋል፤ ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ቀላ ያለው ቡናማ ቅርፊቱም እየተላጠ ይወድቃል። ከእኛ አገር ሌላ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና እስከ ማላዊ ድረስ ባሉ ተራሮችም ይበቅላል። በወሎ ዛሬ ኮሶን በደን መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ አማራ ሳይንት ተጉዞ የደንቆሮን ጫካ ቢያይ ይሻለዋል፤ በሌላው ደጋ ግን የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በመስጊድና በመቃብር ዙሪያ፣ አልፎ አልፎም በእርሻ ዳር ተነጥሎ የቆመው ነው።

ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ይህም ለመድኃኒትነቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የሴቴዋ አበባ ቀላ ያለ፣ ዘለላው ወፍራምና ወደ ታች የሚንዠረገግ ሲሆን፣ የወንዴው አበባ ግን ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ነጣ ያለ መልክ አለው። ነገሩን የሚያውቁ የደጋ እናቶች ለመድኃኒት የሚመርጡት የሴቴዋን አበባ ነው፤ ፍሬ ሳይቋጥር ይለቀምና በጥላ ደርቆ፣ ከእልፍኝ ወይም ከማድ ቤት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ገበያ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አይገኝም። አበባው ከደረቀና ከተሰባበረ በኋላ ወንዴውን ከሴቴው፣ የዘንድሮውን ከካቻምናው መለየት ለሠለጠነ ዓይን እንኳ ያስቸግራል፤ ሻጩም ገዥውም የሚተማመኑት በመተዋወቅ ነው።

አጠጣጡ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም በአንዳንድ ቤቶች አለ። የሚጠጣው ሰው በዋዜማው ማታ ቀለል ያለ እራት በልቶ ወይም ጾሙን ያድራል። ጎሕ ሲቀድ የደረቀው አበባ በወፍጮ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ዱቄቱ እንዳለ በዋንጫ ይቀርብለትና በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ለማጣጫ ሎሚ ይመጥጣል፤ ማጣጫው ከመራራነቱ ይልቅ የማቅለሽለሹን ነገር ለመግታት የሚረዳ ነው፣ ምክንያቱም ኮሶውን ተፍቶ ያስወጣ ሰው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ኮሶው እስኪያሽር ድረስ ምንም ሳይቀምስ ይቆያል፤ ትሉ ሲወጣ ጥቂት ተልባ ወይም እርጎ ይሰጠውና በማግስቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ለእርሻም ሆነ ለሸንጎ አይጠራም፤ እንግዳ እንኳ ከደጅ ይመለስበታል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር መንገደኞች፣ ከንጉሡ እስከ ሎሌው ድረስ ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ በአድናቆትም በመገረምም ጽፈዋል። የሁለት ወሩ ልክ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ትሉ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ከነዚህ መንገደኞች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ኮሶን ሥሎና ዘርዝሮ አስተዋወቀ፤ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆን የሰጠው ስም ግን አልጸናለትም፤ ዛፉ በመጨረሻ የተሰየመው በጀርመናዊው የመድኃኒትና የዕፅዋት ሊቅ በካርል ሃገን ስም ነው። ቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራየርም በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኮሶን ሥራ በዓይኑ አይቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ላከ። የመቶ ዘመኑ አጋማሽ ላይ የለንደንና የፓሪስ መድኃኒት ነጋዴዎች ኮሶን በውድ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ ቀጥሎም በብሪታንያና በአሜሪካ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። ነጋዴዎቹ «ቀዩ ኮሶ» እያሉ ይመርጡት የነበረው የእኛ እናቶች የሚመርጡትን ያንኑ የሴቴ አበባ ነው። አዘገጃጀቱም ቢሆን የእኛኑ የሚመስል ነው፤ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 15 ግራም ገደማ የሚሆን የተፈጨ አበባ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ሳይጣራ እንዲጠጣ ታዝዟል። ከእኛ ወስደው የጨመሩበት ነገር ቢኖር ሚዛኑ ብቻ ነው።

የሚዛኑ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ የኮሶ ችግር በሙሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። በአበባው ውስጥ ትሉን የሚያጠቃው ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባለው የኬሚካል ወገን የሆኑ ውህዶች ስብስብ ነው፤ ከነዚህም ኮሶቶክሲን፣ ፕሮቶኮሲንና ኮሲኖች በስም ይታወቃሉ። አውሮፓውያን ለዚሁ ሕመም ይጠቀሙበት የነበረው ወንዴ ፈርን የተባለ ተክልም ተመሳሳይ ውህዶች አሉት። እነዚህ ውህዶች ትሉን ሽባ አድርገው ከአንጀት ግድግዳ ያላቅቁታል፤ የኮሶው አስቀማጭነት ደግሞ የተላቀቀውን ጠርጎ ያወጣዋል። ነገር ግን የውህዶቹ መጠን በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። በዛፉ ጾታ፣ በተለቀመበት ጊዜ፣ በአደራረቁና በተቀመጠበት ዘመን ርዝመት ይለያያል፤ ያረጀ ኮሶ ኃይሉ ይደክማል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ከሁለት ቤት አንድ አንድ እፍኝ ኮሶ ቢጠጡ፣ አንዱ ትሉን እንኳ የማያነቃንቅ ዱቄት፣ ሌላው ከሚገባው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊጠጣ ይችላል። የእፍኙ ስፋትም ከሰው ሰው ይለያያል። «ባለፈው ጊዜ አልሠራልኝም» ብሎ እፍኙን የሚጨምር ሰው፣ በዚህኛው ጊዜ ትኩስና ብርቱ ኮሶ እጁ ከገባ፣ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው።

አደጋውም ተራ የሆድ ቁርጠት ብቻ አይደለም። ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ ላብ ላብ ማለቱና አቅም ማጣቱ በልኩ የጠጣውም ሰው የሚያየው ስለሆነ ብዙዎች እንደ መድኃኒቱ ሥራ ይቆጥሩታል። ከልክ ያለፈ ኮሶ ግን የዓይን ነርቭን ይጎዳል። ኮሶ ከጠጡ በኋላ ዓይናቸው የፈዘዘባቸውና ጨርሶ የታወሩ ሰዎች ታሪክ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ ከግማሽ መቶ ዘመን በፊት ጀምሮ የተመዘገበ ነው፤ ሞትም ደርሷል። ለነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ ፈጽሞ እንደማይሰጥ የወሎ አሮጊቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ማኅፀንን ስለሚያኮማትር ጽንስ ያስወርዳል፤ ለዚሁ ዓላማ ሆን ተብሎ የሚጠጣበት ጊዜ መኖሩም የታወቀ ነው፣ ሲጠጣም ለማስወረድ የሚፈለገው መጠን እናቲቱን ከሚገድለው መጠን እምብዛም አይርቅም። ሕፃናት፣ የደከሙ ሽማግሌዎችና የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ሊቀርቡት አይገባም።

ወደ ትሉ እንምጣ። በእኛ አገር የኮሶ ትል የምንለው በዋነኛነት በከብት ሥጋ የሚተላለፈው ቴኒያ ሳጂናታ ነው። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ ስለማይበላ፣ በአሳማ ሥጋ የሚመጣውና እጩ ወደ አንጎል ገብቶ የሚጥል በሽታ የሚያስከትለው ሌላኛው ዝርያ የእኛ ዋነኛ ጭንቀት አይደለም፤ ይህም አንድ ጸጋ ነው። የከብቱ ትል በሰው አንጀት ውስጥ ከ4 እስከ 12 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ሰውነቱ ከ1,000 በሚበልጡ ቁራጮች የተቀጣጠለ ነው፤ የጎመራው እያንዳንዱ ቁራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ይይዛል። ቁራጮቹ ከጅራቱ በኩል እየተበጠሱ፣ አንዳንዴም ያለ ሰገራ በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ፤ «ኮሶ ታየኝ» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ትሉ በጥሬ ሥጋ ከተዋጠ ጀምሮ ቁራጭ መጣል እስኪጀምር ድረስ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። በኮሶ ተበጥሶ የወጣ ትል ራሱ አንጀት ውስጥ ከቀረ ደግሞ፣ እንደገና አድጎ ለመታየት የሚወስደው ጊዜ ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ መጠጣት የተለመደው፣ በአንድ በኩል ሰው ጥሬ ሥጋውን ስለማይተው፣ በሌላ በኩልም ኮሶው ብዙ ጊዜ አካሉን እንጂ ራሱን ስለማያወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን ያስቀመጡት የጊዜ ልክ የትሉን ዕድገት በትክክል የሚከተል መሆኑ ዛሬም ያስደንቀኛል፤ የመድኃኒቱን ጉድለትም አብሮ ይመሰክራል።

እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ሜዳ ላይ ሲወድቅ፣ በሳሩ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከብቱ ሳሩን ሲግጥ እጩ ከአንጀቱ ወጥቶ በጡንቻው ውስጥ ከ1 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ውሃ አዘል ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። በቄራ የሚሠሩ የሥጋ መርማሪዎች የመንጋጋውን፣ የምላሱን፣ የልቡንና የትከሻውን ሥጋ ሰንጥቀው የሚያዩት ይህን ከረጢት ፍለጋ ነው። ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ በመንደር በሚታረደው የቅርጫ በሬ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምርመራ የለም፤ ብርንዶው ከበሬው ሳይቀዘቅዝ ይቆረጣል። ሥጋው እስከ መሐሉ ድረስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከደረሰው፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን በረዶ ቤት ከሰነበተ እጩ ይሞታል። ሚጥሚጣና አዋዜ እጩን አይገድሉም፤ ጠጅና አረቄም እንዲሁ። ይህን ስናገር ሰዎች ፊታቸውን ያኮሳትሩብኛል፣ እኔም ብሆን ብርንዶ በቀረበበት ገበታ ላይ ይህን ርእስ አላነሣም።

ትልን ለማስወጣት የደጋውም የቆላውም ሰው የሚያውቃቸው ሌሎች ዕፅዋት አሉ፤ መተሬ፣ እንቆቆ፣ ቀጨሞ፣ ብሳናና የዱባ ፍሬ ከነዚህ ይቆጠራሉ። በተለይ መተሬ ከኮሶ ይልቅ ለሰውነት የለዘበ ተብሎ ይመረጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የመተሬን ፍሬ ጭማቂ በልክ መጥነው ወደ ኪኒን ለመለወጥ ሠርተዋል፤ ለባህል መድኃኒት ከዚህ የተሻለ ክብር ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ተክሉን ከማወደስ ይልቅ በውስጡ ያለውን ለክቶ ማወቅ ይበልጣል። ኮሲኖችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በላቦራቶሪ ውስጥ በካንሰር ሕዋሳት ላይ ተፈትነው ሕዋሳቱን የመግደል ኃይል አሳይተዋል። ይህን ዜና ቆርጠው «ኮሶ ካንሰር ያድናል» ብለው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሰራጩ ሰዎች ግን ሕዝብን እየጎዱ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ያለን ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ ሰውን ሳይጎዳ በሰው ውስጥ ያለውን የሚገድለው ግን ጥቂት ነው፣ ኮሶም ከዚህ ጥቂት መካከል መሆኑ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ውፍረት ይቀንሳል እየተባለ በየሳምንቱ የሚጠጣውማ የዓይን ብርሃንን በገዛ እጅ እንደ ማጥፋት ነው።

ዛፉ ራሱም እየተጎዳ ነው። እንጨቱ ቀላ ያለና የሚያምር ስለሆነ ለበርና ለወንበር ሲቆረጥ ኖሯል፤ አበባው የሚለቀመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ተዘንጥሎ፣ ያውም ዘር ከመያዙ በፊት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር፤ በእርሻ ዳር ያለው ግን የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። መሬት ያላችሁ የደላንታና የመቄት ሰዎች ችግኝ ስትተክሉ ቢያንስ ጥቂቱን ኮሶ ብታደርጉት፣ ሴቴ ዛፍ ብቻዋን ዘር ስለማትሰጥ ደግሞ ከአንድ በላይ አድርጋችሁ ብትተክሉ መልካም ነው። የወንዴው አበባ ለመድኃኒት አይፈለግም ተብሎ ወንዴው ለማገዶ ሲቆረጥ ማየት ያሳዝናል።

ኪኒኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በሥራ ላይ የዋለው ኒክሎሳማይድ ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙ አራት ፍሬ፣ በድምሩ 2 ግራም፣ በደንብ እየታኘከ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል። ትሉ ኃይል የሚያመነጭበትን መንገድ ይዘጋበታል፤ ወደ ደማችን የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ለኮሶ ትል የሚታዘዘው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በመሆኑ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንዷ ባለ 600 ሚሊግራም ኪኒን ትበቃዋለች። ሁለቱም ቢሆኑ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያማክሩ፣ በተለይ በእርግዝና ጊዜና ለሕፃናት፣ የሚወሰዱ አይደሉም።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከኩታበር መጥተው ኒክሎሳማይድ ወስደው ከሄዱ በኋላ፣ በሳምንቱ ተመልሰው «ልጄ፣ መድኃኒትህ አልሠራም፤ ምንም ሲወጣ አላየሁም» አሉኝ። ሕመሙ ግን ለቋቸዋል። «እማማ፣ ትሉ አንጀትዎ ውስጥ ሞቶ ስለሚሟሟ እንደ ኮሶው ተጠቅልሎ አይወጣም» ብላቸው፣ «ታዲያ ራሱን ሳላየው ሄደ ብዬ እንዴት ልመን?» ሲሉ መለሱልኝ። ጥያቄያቸው ከብዙ የጤና ባለሙያ የበለጠ እውቀት አለበት። ኮሶ ጠጥቶ የወጣውን ትል በውሃ አጥቦ ቀጭኑን ጫፍ፣ አራት መምጠጫ ያለበትን ትንሽ ራስ መፈለግ የአሮጌው ሥርዓት አንዱ ክፍል ነበር፤ ራሱ ካልተገኘ ትሉ እንደሚመለስ ያውቁ ነበርና። ኪኒኑ ይህን ማረጋገጫ ይነፍገናል። ስለዚህ ለእኒያ እናት የነገርኋቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ። ኪኒኑን ከወሰዳችሁ በኋላ 3 ወር ሙሉ ጥሬ ሥጋ ሳትበሉ ቆዩና ሰገራችሁንና የውስጥ ልብሳችሁን ተመልከቱ፤ ቁራጭ ካልታያችሁ ራሱም አብሮ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ከታያችሁ ግን ቁራጩን በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ መጠኑ እዚያ በክብደታችሁ ተሰልቶ ድጋሚ ይሰጣችኋል። በዚያ ሦስት ወር መካከል «ለማንኛውም» ብላችሁ ኮሶ አትጨምሩበት።